ከባቡር ወርደው ሆቴል እስኪገቡ፦ በድሬዳዋ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ጣቢያው ተሠራ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ አደገች። የዚያ ዘመን ተጓዥ ከባቡር ሲወርድ ራሱን ከዚራ በተባለው ሰፈር መሀል ያገኘዋል፤ ሻንጣውን አንሥቶ በዛፎቹ ጥላ ሥር ጥቂት ከተራመደ ማረፊያ አያጣም። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ ባቡር ግን ከተማ ውስጥ አይገባም። ጣቢያው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው። በየጊዜው እንግዶችን የሚያስቸግሩት ስህተቶች በአብዛኛው ይህን ካለማወቅ ይመጣሉ።

ባቡሩ ሲቆም "ደረስን" ብሎ መዘግየት። መንገደኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ በር ላይ የሚጠብቀው ተሽከርካሪ ግን የሚበቃው ለተወሰነው ሰው ነው። ፎቶግራፍ ለመነሣት ወይም ስልክ ለመደወል የቆየ ሰው ሲወጣ የሚያገኘው የቀረውን ተሽከርካሪ፣ በተወደደ ዋጋ ነው። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ለሆቴሉ ደውለው መኪና ይልኩ እንደሆነ ይጠይቁ። የሚልኩ ከሆነ የሆቴሉ ስልክ ብቻ አይበቃም፤ የሹፌሩን ቁጥር ይያዙ።

ሳይነጋገሩ ሻንጣ መልቀቅ። ከበሩ እንደወጡ ሻንጣዎን ለመቀበል እጁን የሚዘረጋ ወጣት ይገጥምዎታል። እንጀራው ነውና አይቆጡት፤ ነገር ግን ሻንጣው ከእጅዎ ከመውጣቱ በፊት ዋጋው ይቆረጥ። ከባጃጅ ጋር ሲነጋገሩም "ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ሹፌሩ ዋጋ የጠራው ለአንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ደግሞ ኮንትራት መስሎዎት ቤተሰቡን ሁሉ ያሳፍራሉ። ስለዚህ ለይተው ይጠይቁ፦ ኮንትራት ነው ወይስ በሰው? ዕቃውን ይጨምራል? እስከ ሆቴሉ በር ነው ወይስ እስከ ዋናው መንገድ? እኔ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት መንገድ ባቡር ውስጥ የሚጀምር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይወስዳል፤ አጠገብዎ የድሬ ልጅ መቀመጡ አይቀርም፣ ጨዋታ አዋቂም ነው። "ከጣቢያ እስከ ከዚራ ስንት እየተከፈለ ነው?" ብለው ይጠይቁት። እውነተኛውን ዋጋ ይነግርዎታል፣ መንገዳችሁ አንድ ከሆነም አብራችሁ ትሳፈራላችሁ።

የሆቴሉን ስም ብቻ ጠርቶ ዕቃን ለብቻው መላክ። ይህን እኔው ሠርቼዋለሁ። አራት ሆነን ከእናቴ ጋር ወረድን። ባጃጅ ከሹፌሩ ኋላ የሚይዘው ሦስት ሰው ነው፤ አንድ ትልቅ ሻንጣ ደግሞ የአንድ ሰው ቦታ ይወስዳል። እኛ በሁለት ባጃጅ ተከፈልን፣ ሻንጣዎቹን በሦስተኛው ጫንን። የዕቃው ሹፌር የሆቴሉን ስም ከእኔ ሰምቶ ሄደ። እኛ ሆቴል ደረስን፣ ዕቃው አልደረሰም። የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ሻንጣው ውስጥ ነበር፤ ያን ሁለት ሰዓት አልረሳውም። ለካስ ስሙ የሚቀራረብ ሌላ ሆቴል ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ኖሯል። ሹፌሩ የሚረከበው ሰው ሲያጣ ራሱ እየጠየቀ ፈልጎ አገኘን፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ከዚያ ወዲህ ከዕቃው ጋር ሁልጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ይቀመጣል፣ መድኃኒትና ሰነድ ከትከሻዬ ቦርሳ አይወጣም። ስም ስጠራም ሰፈሩን አስከትዬ ነው፤ ከዚራ ነው፣ መጋላ ነው፣ ወይስ ሳቢያን? የደቻቱ ወንዝ ከዚራንና መጋላን ይለያቸዋል። በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው። ደራሽ ውሃ ሲመጣ ግን ምን እንደሚያደርግ ድሬዎች በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ሰው ቀብረው አይተዋል። ስለዚህ ደመናው ከከበደ ሹፌሩ በአሸዋው ላይ እንዲያቋርጥ አያጣድፉት፤ በድልድይ መዞሩ ይሻላል።

የአዲስ አበባን ጃኬት ለብሶ መውረድ። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ጃኬቱን ባቡሩ ውስጥ አጥፈው ሻንጣ ውስጥ ይክተቱ፣ የሚጠጣ ውሃ ይያዙ። ሌላ የሚባል ነገር የለውም።

ሐረር ሆቴል ይዞ በዚያው ቀን ለመድረስ መቁረጥ። ሐረር 50 ያህል ኪሎ ሜትር ብትርቅም መንገዱ በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት የሚወጣ ነው። ሚኒባስ ለማግኘትም ከጣቢያው መጀመሪያ ከተማ ገብተው መናኸሪያ መሄድ አለብዎት። ባቡሩ ከዘገየና ከመሸ፣ ሻንጣ ተሸክሞ ያን ዳገት በጨለማ ከመውጣት ድሬዳዋ አድሮ ማለዳ መነሣት ይሻላል። ሐረር ያስያዙት ክፍል እንዳይሰረዝ ደውለው ያሳውቁ።

በመመለሻው ቀን "ባቡር ጣቢያ" ብቻ ማለት። በድሬዎች አንደበት "ባቡር ጣቢያ" እስከ ዛሬ ከዚራ ያለው አሮጌው ሕንፃ ነው። ባጃጁ በቅን ልቦና እዚያ ያደርስዎታል፤ እርስዎም ባቡር የማይነሣበት በር ላይ ሻንጣ ይዘው ይቆማሉ። "አዲሱ ባቡር ጣቢያ" ይበሉ፣ ማምሻውንም ባጃጁን ተነጋግረው ይደሩ። አዲስ አበባ ላይም ያው ነው፤ ለገሃር ስሙን ከጣቢያ ቢወርስም ባቡሩ የሚነሣው ከለቡ በኩል ነው፣ የከተማው ቀላል ባቡርም እዚያ አያደርስም። አሮጌው ጣቢያ በር ላይ ሻንጣ ይዞ ግራና ቀኝ የሚያይ እንግዳ ካዩ ጠጋ ብለው ይንገሩት፤ ጊዜው ካላለፈበት ይደርሳል።