ማዘጋጃ ቤቱ ሰፈራችሁ ውስጥ ሕንፃ ሊገነባ ነው? ተቃውሟችሁን እንዲህ አቅርቡ

መጀመሪያ ፕላኑን አግኙ። በወሬ መጮህ ዋጋ የለውም። የሕንፃውን ከፍታ፣ ከአጥር ያለውን ርቀትና የሚቆረጡትን ዛፎች በደንብ እዩ፤ አስተያየት መቀበል የሚያበቃበትን ቀንም ወዲያው ጻፉት፣ ቀኑ ካለፈ የቱንም ያህል እውነት ብትይዙ ሰሚ ማግኘት ይከብዳል።

ከዚያ ደብዳቤው። «የሰፈራችን መልክ ይበላሻል» ብቻ ካላችሁ በቀላሉ ያልፉታል። መልኩን አሳዩ። መንገዱ ላይ ቆማችሁ ግራና ቀኙን ፎቶ አንሱ፦ ለምሳሌ ቤቶቹ ባለ 2 ፎቅ ናቸው፣ ፊታቸው ላይ አትክልት አለ፣ አዲሱ ግን ባለ 6 ፎቅ ሆኖ የእግረኛው መንገድ ጫፍ ላይ ይገተራል። ክርክር ማለት ይሄ ነው። የቤቴ ዋጋ ይወርዳል የሚለውን ተዉት፤ በብዙ ቦታ ከቁጥር አይገባም።

ገንቢውም ፈቃድ ሰጪውም ራሱ ማዘጋጃ ቤቱ ሊሆን ስለሚችል፣ ማን እንደሚወስን በጽሑፍ ጠይቁ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ፊርማ ማሰባሰብ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን እያንዳንዱ ጎረቤት በራሱ ቃል የጻፈው ደብዳቤ ይበልጣል ባይ ነኝ። ጉዳዩ የሚታይበት ስብሰባ ላይ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ላኩ። «አንፈልግም» ብሎ አይቀመጥ፤ ስንት ፎቅ ይቀነስ፣ የትኞቹ ዛፎች ይትረፉ፣ ለይቶ ይጠይቅ።