«ድኖ ነበር እኮ!»፦ የውሻ ጉልበት ጅማት ሲጎዳ የሚሠሩ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ሦስተኛው መጣ። በአንድ ወር ውስጥ ሦስተኛው ማለቴ ነው። ትልቅ ውሻ ነው፣ የኋላ እግሩን አንጠልጥሎ ቆሟል። ባለቤቱ ከጎኑ ሆነው «ዶክተር፣ ድኖ ነበር እኮ!» ይሉኛል። አልዳነም ነበር። መርገጥ ጀምሮ ነበር እንጂ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ «እኮ» ናት።

ጉልበቱን ሳያውቁ ማሸት

በመጀመሪያ ጉልበቱን እናግኘው። ከኋላ እግር ላይ ሹል ብሎ ወደ ኋላ የሚታየው ጉልበት አይደለም፣ ተረከዝ ነው። ጉልበቱ ከፍ ብሎ ከሆዱ ጎን ያለው ነው። ስንቱ ሰው ተረከዙን ቅባት ሲቀባና በፋሻ ሲጠቀልል ከርሞ ነው ወደ እኔ የሚመጣው።

ጉልበት ውስጥ ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዝ ጅማት አለ። እኛ ስንቆም ጉልበታችን ቀጥ ይላል። ውሻ ግን ቆሞም ጉልበቱ እንደታጠፈ ነው፤ የቅልጥሙ አናትም ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ በረገጠ ቁጥር ጅማቱ ይወጠራል። ኳስ ተጫዋች ላይ ጅማቱ ባንዴ ቀጭ ይላል። ውሻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አሮጌ ገመድ ክር በክር ሲሳሳ ከርሞ ነው የሚበጠሰው። «ትናንት ከደረጃ ሲወርድ ነው» ይሉኛል። ደረጃው የበጠሰው የመጨረሻዋን ክር ነው።

«ወለምታ ነው፣ ይተወዋል»

ሲቀመጥ አንዱን እግር ወደ ጎን ከዘረጋ፣ ሲቆም በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ከነካ፣ ጠዋት ሲነሳ ካነከሰና ሲሞቀው ከተሻለው፣ ወለምታ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ከኋላው ሆናችሁ ሁለቱን ጭኖች በሁለት እጃችሁ ያዙ። አንዱ ቀጠን ካለ ነገሩ የቆየ ነው።

ወጌሻ ዘንድ መውሰድ

ወጌሻን አልንቅም። ልጅ ሆኜ የራሴን ክንድ ያቃናልኝ ወጌሻ ነው። ግን የተበጠሰ ጅማት የሚቃና ነገር የለውም። በቀርከሃ ቢታሰርም ማሰሪያው ከጭኑ ተንሸራትቶ ይወርድና እግሩ ላይ እንደ ድንጋይ ይንጠለጠላል።

የሰው መድኃኒት

ኢቡፕሮፌን የለም። ዳይክሎፌናክ የለም። የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ አለ፤ ካርፕሮፌን ወይም በሐኪም የተለካ ሜሎክሲካም። እነሱም ቢሆኑ ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች፣ ከዴክሳሜታዞን ወይም ከፕሬድኒሶሎን፣ ጋር ተደርበው አይሰጡም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴም ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ የሚያነክስ ውሻ መጣልኝ። እሾህ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ጉልበቱን በደንብ ሳልፈትሽ ዴክሳሜታዞን ወጋሁትና ሸኘሁት። በማግስቱ ይሮጣል አሉኝ። ኮራሁ። በሦስተኛው ሳምንት በሦስት እግሩ ተመለሰ። ሕመሙን ነበር ያጠፋሁለት። ውሻ ካላመመው ይሮጣል፣ ሲሮጥ ደግሞ የቀረችውን ክር ይጨርሳታል።

«ዳነ» ብሎ መፍታት

አሁን ወደ ዋናው። ታገሡኝ፣ ትንሽ እጮሃለሁ።

የቀዶ ሕክምናው ዓይነት ብዙ ነው። ጉልበቱን ከቆዳው ሥር፣ ከመገጣጠሚያው ውጭ በናይለን ክር ማሰር አለ። የቅልጥሙን አናት ቆርጦ፣ አዙሮ፣ በብረት ማሰርም አለ፤ አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ባርክሌይ ስሎከም እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመው ዘዴ ነው። ይህኛው ማለት ሆን ተብሎ የተሰበረ አጥንት ነው። አጥንቱ እስኪይዝ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፣ መያዙም የሚታወቀው በራጅ ነው። ውሻው ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ መርገጥ ይጀምራል። የባለቤቱ ልብ የሚሸነፈውም ያኔ ነው።

ቀዶ ሕክምና ያልተደረገለትም ያው ነው። ከ15 ኪሎ በታች የሆኑ ትናንሽ ውሾች ብዙዎቹ በዕረፍትና በማስታገሻ ይሻላቸዋል። ትልልቆቹ ላይ ያ ተስፋ በጣም ያነሰ ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ እኔ ከ2 ወር ያነሰ ዕረፍት አልፈቅድም።

ዕረፍት ስል ምን ማለቴ ነው? በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በአጭር ገመድ ተይዞ ሽንቱን ሸንቶ መመለስ። ከዚያ የ5 ደቂቃ እርምጃ፣ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመሩ። በዝግታ! ሲፈጥን የታመመውን እግር አንጠልጥሎ በሦስቱ ይሄዳል፤ ሲያዘግም ግን አራቱንም ለመርገጥ ይገደዳል። መሮጥ፣ መዝለል፣ ደረጃ፣ ከሌላ ውሻ ጋር መላፋት የለም።

ሁሉም እሺ ይሉኛል። ከዚያ ማታ ይመጣል።

እኛ አገር ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ይህን በመርሳቴ ዋጋውን የከፈሉት የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቼ ናቸው። ቀኑን ሙሉ በሥርዓት ታስሮ የዋለ ውሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይለቀቃል፣ ድመት ያያል፣ አጥር ለአጥር ይበራል። «አስራችሁት ነበር?» ስላቸው «አዎ፣ ቀኑን ሙሉ!» ይሉኛል። አልዋሹም። እኔ ነኝ ስለ ሌሊቱ ያልጠየቅሁት። አሁን ግን የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ማታ ማን ነው የሚፈታው?» የሚል ነው። መመሪያውንም ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለዘበኛውም እነግራለሁ።

«ሌባ ቢገባስ?» ይሉኛል። ታስሮም ይጮሃል። ረጅም ሰንሰለት ግን አይሆንም፤ ተንደርድሮ ጫፉ ላይ ሲደርስ መንጭቆ የሚመልሰው ጉልበቱን ነው።

ቅንጥብጣቢ

ከሥጋ ቤት የመጣ ቅንጥብጣቢ ግማሹ ጮማ ነው። ሥራ ፈቶ የተኛ ውሻ በዚያ ላይ የቤቱን ፍርፋሪ ሲጨምር በ2 ወር ውስጥ በርሜል ይሆናል። ክብደቱን 6 ከመቶ ያህል መቀነስ ብቻ አነካከሱን እንደሚያሻሽል በጥናት ታይቷል። ለ45 ኪሎ ውሻ 3 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ጎኑን ስትዳብሱት የጎድን አጥንቱ በእጃችሁ ካልተቆጠረላችሁ ምግቡን ቀንሱ። የፋሲካ ዕለት «እሱም ጾሞ ነበር» የሚሉኝን እናት ግን ምን እንደምላቸው እስካሁን አላውቅም።

የሴራሚክ ወለል ላይ ምንጣፍ ወይም ጆንያ አንጥፉ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስፌቱን እንዳይልስ የሚጠለቅለትን የአንገት ፕላስቲክ «አሳዘነኝ» ብላችሁ አታውልቁ፤ ስፌቱን ሌሊት በምላሱ ይፈታዋል።

ሌላኛውን እግር መርሳት

አንዱ ጅማት ከተበጠሰባቸው ውሾች ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ሌላኛውም ይከተላል። ባለቤቶች በእኔ ይናደዳሉ፤ «ቀድመህ ብትነግረን» ይላሉ። ስለዚህ አሁን በመጀመሪያው ቀን እነግራለሁ።

አንድ ሊዮን የሚባል ውሻ የመጀመሪያው ጅማቱ በተበጠሰ በሁለት ዓመቱ የሌላኛው እግሩም ተበጠሰ። የመጀመሪያው ጊዜ ላይ የግቢው ዘበኛ፣ ጎልማሳ ሰው ናቸው፣ «ውሻ ታስሮ ምን ውሻ ነው» ብለው ሁለቴ ፈተውብኝ ነበር። ለሁለተኛው መመሪያ ልሰጣቸው ማታ ሄድኩ። የማሰሪያውን ጫፍ ከወንበራቸው እግር ጋር አስረው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሊዮን እግራቸው ሥር ተኝቶ አገኘኋቸው። «ስንት ሳምንት አልከኝ ዶክተር፣ ስምንት ነው አሥራ ሁለት?» አሉኝ።