የፓሊንድሮም ኮድ ስትጽፉ ዋናውን ቁጥር አትብሉት

ኮምቦልቻ ላይ ጀማሪዎችን ኮዲንግ አስጠናለሁ፣ ባለፈው ሳምንት ፓሊንድሮምን (ከፊትም ከኋላም ሲነበብ አንድ የሆነ ቁጥር) በሚለይ ኮድ ላይ አንዷን ስህተት በአንድ ቀን ሶስት ልጆች ላይ አየኋትና በቃ ልጽፋት አልኩ።

አንዷ ተማሪዬ ጠዋት ከደሴ ሃረጎን ወርዳ እንቅልፍ ባጣ አይን መጣች። ኮዷ 121 ብትሰጠው «አይደለም»፣ 1991 ብትሰጠው «አይደለም»፣ 0 ስትሰጠው ብቻ «ነው» ይላታል። ሌሊቱን ሙሉ ሉፑን (ቁጥሩን እየደጋገመ የሚገለብጠውን ክፍል) አራት ጊዜ አፍርሳ ጽፋዋለች። ሉፑ ግን ምንም አልነበረበትም!

አብሽሪ ብያት ወረቀት አወጣን። ኤን የገባው ቁጥር ነው፣ ሬቭ ደግሞ ተገልብጦ የሚሰራው፤ ሉፑ በዞረ ቁጥር የኤን የመጨረሻ ዲጂት ተቆርጣ ሬቭ ጫፍ ላይ ትቀጠላለች። 121 ሲገባ መጀመሪያ ሬቭ 1፣ ኤን 12። ቀጥሎ ሬቭ 12፣ ኤን 1። መጨረሻ ላይ ሬቭ 121፣ ኤን 0። ከዛ «ሬቭ ከኤን እኩል ነው ወይ» ብላ ስትጠይቅ እኮ 121ን ከ0 ጋር ነው የምታወዳድረው፣ ኤን ሉፑ ውስጥ እየተቆረጠ አልቋል። ስለዚህ ከ0 በቀር ማንም አያልፍም። መፍትሄው አንድ መስመር ነው፣ ከሉፑ በፊት ኤንን ሌላ ቫሪያብል (ቁጥር የሚቀመጥበት ስም) ላይ ኮፒ አድርጉና መጨረሻ ላይ ከሱ ጋር አወዳድሩ። እኔም ፈርስት ይር እያለሁ በዚችው ስህተት ሌሊት አጥቻለሁ፣ ለዛ ነው እንዲህ የምጨቀጭቃችሁ፣ ኮዱን ከመቀየራችሁ በፊት በእጃችሁ ስሩት በናታችሁ።

ፓይተን የምትጽፉ ደግሞ ማካፈያዋን ሁለት ጊዜ (//) ጻፏት። አንድ ብቻ ከሆነች 121 ለ10 ሲካፈል 12 ሳይሆን 12.1 ይሆናል፣ ሉፑም ቶሎ አይቆምም፣ ሬቭ እያበጠ እያበጠ ኢንፊኒቲ ይገባል።

ኔጋቲቭ ቁጥር ፓሊንድሮም አይባልም። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ሉፑን «ኤን 0 እስኪሆን» ካላችሁት -121 ተገልብጦም -121 ነው የሚሆነው፣ ኮዱም «ነው» ይላችኋል። መጀመሪያውኑ ከ0 ካነሰ «አይደለም» ብላችሁ መልሱት።

እዛው ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ኢንት (የተለመደው የሙሉ ቁጥር አይነት) የሚይዘው እስከ 2147483647 ነው፣ 1999999999 ሲገለበጥ ከዛ ያልፋል፣ ሬቭን ሎንግ ሎንግ (ትልልቅ ቁጥር የሚይዘው አይነት) አድርጉት።

ግማሹን ብቻ መገልበጥ (ኤን ከሬቭ መብለጡን ሲያቆም ሉፑን ማቆም) የለመዳችሁ ጎበዞች ደግሞ 10ን ስጡትና እዩ። ሬቭ 1 ላይ ይቆማል፣ ኤን 0 ይሆናል፣ የመሀሏን ዲጂት ለመጣል ሬቭን ለ10 ስታካፍሉት እሱም 0፣ እና 10 ፓሊንድሮም ሆኖ ቁጭ! በ0 የሚያልቅ ቁጥር፣ ራሱ 0 ካልሆነ በስተቀር፣ ከሉፑ በፊት «አይደለም» ተብሎ ይመለስ።