ጭሱን አይቶ መፍረድ፦ ስለ ቅሪተ አካል ነዳጅ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ድንጋይ ከሰል፣ ስለ ድፍድፍ ነዳጅና ስለ ተፈጥሮ ጋዝ ብዙ ይወራል። ከሚወራው ውስጥ ግን የተደበላለቀው ጥቂት አይደለም። የትኛው ነዳጅ ምን እንደሚያደርስ ሳንለይ ስለ መፍትሔ ስናወራ፣ መፍትሔውም አብሮ ይሳሳታል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ በዓይን መፍረዳችን ነው። ጭስ ካየን «ብክለት» እንላለን፣ ካላየን ደግሞ «ንጹሕ»። ከታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ ከዚህ ልማድ የሚመጡ ናቸው።

ከሰልና የድንጋይ ከሰልን አንድ ማድረግ

እዚህ ላይ ቋንቋችንም ትንሽ ያሳስተናል። ከእንጨት የሚከሰለውም ከሰል ነው፣ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣውም ከሰል ነው። ነገራቸው ግን ለየቅል ነው። የእንጨት ከሰል የትናንት ዛፍ ነው። ሲነድ የሚለቀው ካርቦን ዛፉ በሕይወት ዘመኑ ከአየር የወሰደውን ነው፤ በቦታው ሌላ ዛፍ ካደገ ካርቦኑ ተመልሶ ይያዛል። ካልተተካ ግን የደን ጭፍጨፋ ይሆናል፤ እሱ ራሱን የቻለ ከባድ ጉዳይ ነው። የድንጋይ ከሰል ደግሞ ረግረግ ውስጥ ወድቀው የተቀበሩ ጥንታዊ ዕፅዋት ናቸው። ከቆዩት ክምችቶች ብዙዎቹ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። ያ ካርቦን ከአየሩ ወጥቶ ተረስቶ ነበር። እኛ ነን ቆፍረን የመለስነው።

የድንጋይ ከሰልም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ሊግናይት የሚባለው ቡናማው ለጋ ነው፣ ውሃም ይበዛበታል። ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ለተመሳሳይ ኤሌክትሪክ ብዙ ማቃጠል ይጠይቃል። አንትራሳይት ደግሞ ጠንካራው፣ ጥቁሩና ካርቦን የበዛበት ነው።

«ጋዝ» የሚለው ቃል ይብስበታል። ነጭ ጋዝ ወይም ላምባ የምንለው ጋዝ ሳይሆን ፈሳሽ ነው፤ ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ ኬሮሲን። በሲሊንደር የሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ በአብዛኛው ሚቴን ነው። አንድ ሰው «ጋዝ ከናፍጣ ይሻላል» ሲላችሁ፣ መጀመሪያ «የትኛው ጋዝ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ነዳጅ የዳይኖሰር ቅሪት ነው ማለት

አይደለም። ድፍድፍ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው የመጡት በባሕርና በሐይቅ ውስጥ ይኖሩ ከነበሩ አልጌና ፕላንክተን ነው። በጣም ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ሞተው ወለሉ ላይ ተከማቹ፣ በደለል ተሸፈኑ፣ ከዚያ ሙቀትና ግፊት ለሚሊዮን ዓመታት አበሰላቸው። ዳይኖሰሩ ለሥዕል ያምራል፣ ግን ዋናውን ነገር ይጋርዳል። ያ ሁሉ ካርቦን በአንድ ወቅት በፀሐይ ብርሃን ከአየር የተሰበሰበ ነው።

ጭስ ከሌለ ጉዳት የለም ብሎ ማሰብ

ሰው በጭስ የሚፈርደው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ላይ ከድንጋይ ከሰል የወጣ ጭስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ ከተማዋን ለአምስት ቀናት አፈናት። አየሩ ቀዝቅዞ ቆሞ ስለነበር ጭሱ መሄጃ አጣ። ያኔ የሞተው ሰው 4,000 ገደማ ነው ተባለ፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን ወደ 12,000 ከፍ አደረጉት። ብሪታንያ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ አወጣች፤ የሚታየውም ጭስ ቀስ በቀስ ቀነሰ።

የማይታየው ግን ቀረ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። አንድ ሊትር ቤንዚን ክብደቱ 740 ግራም ገደማ ነው፤ ሲቃጠል ግን ወደ 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። እንዴት ከራሱ በላይ ይሆናል? በቤንዚኑ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲነድ ከአየሩ ኦክሲጅን ስለሚጨምር ነው። እያንዳንዱ ኪሎ ካርቦን ወደ 2.7 ኪሎ ኦክሲጅን ይዞ ይሄዳል። እስቲ አስቡት፤ 40 ሊትር ያቃጠለ መኪና ከ90 ኪሎ በላይ ጋዝ ለቋል ማለት ነው። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ግን ከኋላው ምንም አይታይም።

የጭስ ማጣሪያም ሰውን ያዘናጋል። ጥሩ ማጣሪያ ጥላሸቱንና አብዛኛውን ሰልፈር ይይዛል፤ ይህ ለሳንባም ለአሲድ ዝናብም ትልቅ ነገር ነው፣ በፍጹም አላቃልለውም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን እንዳለ ያልፋል። ከማጣሪያ የሚያመልጡ ደቃቅ ብናኞችም አሉ። ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆኑት ከሰው ፀጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ገደማ ያንሳሉ፤ ወደ ሳንባ ጥልቀት ገብተው ደም ውስጥ ሊደርሱ ይችላሉ።

ዓይን በተቃራኒውም ይሳሳታል። ስለ ብክለት በሚጻፍ ዜና ላይ የሚለጠፈው ያ ግዙፍ ወፍራም ማማ፣ ከላዩ ነጭ ደመና የሚተፋው፣ ብዙ ጊዜ ማቀዝቀዣ ማማ ነው። የሚወጣው እንፋሎት ነው። እውነተኛው ችግር ከጎኑ ከቆመው ቀጭን ጭስ ማውጫ ይወጣል፣ ፎቶ ላይም አይታይም።

የተፈጥሮ ጋዝን «ንጹሕ» ብሎ ማለፍ

ይህኛው ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው አስቸጋሪ የሆነው። ለተመሳሳይ ኤሌክትሪክ ሲቃጠል የተፈጥሮ ጋዝ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የድንጋይ ከሰል ከሚለቀው ግማሽ ያህል ነው። ጥላሸትና ሰልፈሩም በጣም ያነሰ ነው። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው።

ችግሩ ሳይቃጠል የሚያመልጠው ነው። ሚቴን ከጉድጓድ፣ ከቧንቧ መጋጠሚያና ከመጭመቂያ ጣቢያ ይፈስሳል። በ20 ዓመት ሲሰላ፣ አንድ ቶን ሚቴን ከአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። በ100 ዓመት ሲሰላ ደግሞ ወደ 30 እጥፍ ይጠጋል። ልዩነቱ የመጣው ሚቴን አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ብቻ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ከሚመረተው ጋዝ ጥቂት ከመቶው እንኳ ቢፈስስ፣ ከድንጋይ ከሰል የነበረው ብልጫ በቅርብ ዓመታት ስሌት ሊጠፋ ይችላል። «ጋዝ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ቧንቧው ላይ ነው። የፍሳሹን መጠን ሳይነግራችሁ «ንጹሕ» የሚላችሁን ሰው አትመኑት።

ኦዞንን ከሙቀት ጋር ማደባለቅ

በኦዞን ንጣፍ ላይ የተፈጠረው ቀዳዳ በዋናነት የመጣው ለማቀዝቀዣና ለሽቶ መርጫ ይውሉ ከነበሩ ክሎሮፍሎሮካርቦኖች ነው። ለእሱ የሞንትሪያል ስምምነት በ1987 ተፈረመ፤ ንጣፉም እያገገመ ነው። የዓለም ሙቀት መጨመር ሌላ ጉዳይ ነው። ሙቀቱ «በቀዳዳው ገብቶ» አይደለም የሚመጣው፤ የገባው እንዳይወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ሚቴንን የመሰሉ ጋዞች ስለሚይዙት ነው።

«እሳተ ገሞራም ይለቃል» ብሎ መዝጋት

ይለቃል። ግን የዓለም እሳተ ገሞራዎች ሁሉ በዓመት የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰው ከሚለቀው አንድ ከመቶ እንኳ አይሞላም። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ፣ በአየር ላይ የተጨመረው ካርቦን ከየት እንደመጣ መለየት መቻሉ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ጥቂት ካርቦን 14 አለው። ይህ ዓይነቱ ካርቦን በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሚሊዮን ዓመታት የተቀበረ ነዳጅ ውስጥ ምንም አይቀርም። ታዲያ ከዚህ ነዳጅ የወጣ ጋዝ አየሩ ውስጥ ሲበዛ፣ የካርቦን 14 ድርሻ ይቀጥናል። ሳይንቲስቱ ሃንስ ሱስ ይህን መቅጠን በ1950ዎቹ በዛፍ ቀለበቶች ውስጥ አገኘው። ቻርልስ ኪሊንግ ደግሞ ከ1958 ጀምሮ ሃዋይ ላይ አየሩን ይለካ ጀመር። ያኔ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የነበረው 315 ገደማ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት 280 ገደማ ነበር።

ጉዳቱን ከእሳቱ መጀመር

ነዳጁ ክብሪት ሳይነካው ብዙ ያጠፋል። በድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ያለ ፓይራይት (የብረትና የሰልፈር ውሁድ) ውሃና አየር ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል፤ ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ እንኳ ወንዙን ለዓመታት ይመርዛል። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሴንትራሊያ በተባለች ከተማ ሥር ያለው የድንጋይ ከሰል በ1962 ተቀጣጥሎ ዛሬም አልጠፋም። በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕወተር ሆራይዘን የተባለው መቆፈሪያ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ። ነዳጁ ለ87 ቀናት ወደ ባሕሩ ፈሰሰ።

ከእሳቱ በኋላም አላበቃም። የድንጋይ ከሰል አመድ አርሴኒክና ሜርኩሪ ይይዛል። በ2008 ቴነሲ ውስጥ ኪንግስተን ላይ የአመድ ማጠራቀሚያ ግድብ ተደርምሶ ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ጭቃማ አመድ በመሬትና በወንዝ ላይ ተዘረገፈ። ባሕሩም ቢሆን ከምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ስለሚውጥ አሲድነቱ እየጨመረ ነው፤ ዛጎልና ኮራል የሚሠሩ ፍጥረታት እየተቸገሩ ነው።

«ሲያልቅ ይገላግለናል» ብሎ መጠበቅ

በታወቁት ክምችቶች ውስጥ ያለው ካርቦን፣ የዓለምን ሙቀት ጭማሪ ከ2 ዲግሪ በታች ለመያዝ ማቃጠል ከሚቻለው በእጅጉ ይበልጣል። ነዳጁ ከማለቁ በፊት ጉዳቱ ይቀድማል። የለቀቅነው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ቶሎ አይጠራም። ከፊሉ በባሕርና በዕፅዋት ይዋጣል፣ ከፊሉ ግን ለመቶዎችና ለሺዎች ዓመታት እዚያው ይቆያል።

ሚቴን ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ዛሬ ፍሳሹ ቢዘጋ፣ አየሩ ላይ ያለው በአሥር፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በአብዛኛው ይጠፋል። ፍሳሹን ለመፈለግ ሠራተኞች የኢንፍራሬድ ካሜራ ይዘው ከቧንቧ ወደ ቧንቧ ይዞራሉ። በባዶ ዓይን ምንም የማይታይበት መጋጠሚያ በካሜራው መስኮት ሲታይ ጥቁር ጭስ እየተፋ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ብሎኑን ማጥበቅ ወይም ያረጀውን ማሸጊያ መቀየር ነው።