ዳገት ለማይወጣ ቤተሰብ፣ በሰሜን ሸዋ የብርድ ወራትን ማሳለፍ

በኅዳርና በታኅሣሥ ዘመዶቼ ከአዳማና ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ሲመጡ፣ ተራራ መውጣት የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው። ወንድሜ ጓሳን፣ የመንዝን የሣር ደጋ፣ በእግሩ ካላዳረሰ አገር ያየ አይመስለውም። አክስቴን ደግሞ ጉልበቷን ያማታል፤ ልጆቹ ትንንሾች ናቸው። እኔ ዕቅዱን ሁልጊዜ የምጀምረው ከአክስቴ ነው። የሚራመድ ሰው የትም ቢወስዱት የሚራመድበት አያጣም። የማይራመደው ግን ፀሐይ የሚመታው መቀመጫ፣ ትኩስ ነገር የሚያገኝበት ቤትና የሚያየው ነገር አስቀድሞ ካልታሰበለት፣ ዕረፍቱን መኪና ውስጥ ተጠቅልሎ ሌላውን ሲጠብቅ ይጨርሰዋል።

ሰማዩ ጠርቶ የሚከርመው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ንጋት ላይ ሣሩ ነጭ ለብሶ ይታያል። ረፋዱን ግን ፀሐይዋ ጋቢ ታስወልቃለች። ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያት መሆኑን አትርሱ። በትንንሾቹ ከተሞች አብዛኛው ምግብ ቤት ሽሮና አትክልት ብቻ ነው የሚያቀርበው፤ የማይጾም ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ካለ እንቁላሉንና ወተቱን ይዛችሁ ውጡ። የመንዝ በግ መብላት ለሚፈልግ በገናና በጥምቀት መካከል ያሉት ቀናት ይሻላሉ።

ማደሪያችሁን ደብረ ብርሃን አድርጉ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ሆስፒታልና ፋርማሲም ቅርብ ናቸው። ከቆላ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት ራሱን ሊያመው፣ እንቅልፍም እምቢ ሊለው ይችላል። ውኃና ሻይ ማብዛት፣ ራት ማቅለል፣ ደረጃ ላይ አለመቻኮል ይረዳል። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። አረቄውን ለሌላ ቀን አቆዩት። አረቄ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው የሞቀን ይመስለናል እንጂ፣ ሰውነታችን ሙቀቱን ይበልጥ እያጣ ነው።

ሆቴል ስትይዙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሙቅ ውኃው ጠዋት ይሠራል ወይ? ተጨማሪ ብርድ ልብስ አለ ወይ? መስኮቱስ ወደ ምሥራቅ ነው ወይ? የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ለአዛውንት ከቴሌቪዥንም ከምንጣፍም ይበልጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ይህን እለምናችኋለሁ፦ ብርዱ ቢበረታ እንኳ የከሰል ምድጃ ወደምትተኙበት ክፍል አታስገቡ። የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የሚያመጣው የራስ ምታት ደግሞ ከደጋው አየር የሚመጣውን ስለሚመስል ሰው ልብ ሳይል ይተኛል። እግር የሚሞቀው ሙቅ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ብርድ ልብስ ውስጥ በማስገባት ነው። ለልጆቹም ለአክስቴም የማደርገው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ከተማዋ ውስጥ አሳልፉት። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ የቆረቆሯት ከተማ ናት፤ ሥላሴን መሳለም፣ ገበያውን መዞር፣ ከዚያም ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ቡና መጠጣት ለአንድ ቀን ይበቃል።

ለሁለተኛው ቀን ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ጣርማ በርን የሚተካከል የለም ብዬ አምናለሁ። ለማይራመድ ሰው የተሠራ ያህል ነው፤ ከመኪና ጥቂት እርምጃ ወርዶ የምኒልክ መስኮት ከሚባለው የገደል አፋፍ ቁልቁል ቆላውን ማየት ይቻላል። በጠዋት ድረሱ። ጭላዳ የሚባሉት ዝንጀሮዎች ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድሩና ፀሐይ ስትወጣ ወደ አፋፉ ብቅ ይላሉ። መጀመሪያ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ግልገሎቻቸውን አቅፈው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሲሞቃቸው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ መብላት ይጀምራሉ፤ ጸጥ ካላችሁ የመንጨቱ ድምፅ ይሰማችኋል። ወንዱ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ በዚያ ሰዓት ፍም ይመስላል። ታጣፊ ወንበር ይዛችሁ ሂዱ፣ ምግብ ግን አትስጧቸው። ከቀትር በኋላ ጉም ከቆላው ወደ ላይ ስለሚወጣ ገደሉ ሊሸፈን ይችላል።

ብርዱ ያስመረረው ካለ ከዚያው የመኪና መንገዱን ዋሻ አልፋችሁ ውረዱ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝታችሁ እስከ ሸዋ ሮቢት ብትቀጥሉ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዳችኋል ማለት ነው፤ ጠዋት ካፖርት የለበሰ ሰው ቀትር ላይ እጅጌውን ጠቅልሎ ጥላ ሥር ምሳውን ይበላል። አክስቴ ጉልበቷ የሚፍታታው እዚያ ነው። ወደ ላይ ስትመለሱ ካፖርቱ በእጃችሁ ይሁን እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይግባ።

አንኮበርን ብዙ ሰው ይመክራል፤ የሣህለ ሥላሴና የምኒልክ መናገሻ ስለሆነች ተገቢ ነው። ነገር ግን የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽም ሎጁም ያሉት ኮረብታ ላይ ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ ዳገቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጓሳ ሩቅ ነው፣ ብርዱም ከሁሉ ይብሳል፤ ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ቢሆንም ለተቀማጭ ሰው የሚሆን ነገር አለው። ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድነው በቀን ስለሆነ፣ ዕድል ከቀና ከመንገድ ዳር ይታያል። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳውን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ለአጨዳ እየከፈተ ጠብቆታል። ይህን ታሪክ ከአካባቢው አስጎብኚ አፍ ቁጭ ብሎ መስማት ለአዛውንት ከየትኛውም የእግር ጉዞ ይጥማል። የሚራመዱት ከሌላ አስጎብኚ ጋር ይሂዱ፣ የሚመለሱበት ሰዓትም ይቆረጥ።

የመንዝ ከተማ ከሆነችው መሐል ሜዳ ገበያ ከደረሳችሁ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ግዙ። በመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ስለሆነ ከባድ ነው፣ ትንሽም ይኮሰኩሳል፣ ግን ጉም ቢያርሰውም ያሞቃል፤ ጋቢ አንዴ ከረጠበ ውኃ ያዝላል እንጂ አያሞቅም። ስትመርጡ ወደ ብርሃን አንሡት፤ ሳስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለው ተዉት። ሁለቱ ጨርቆች የተጋጠሙበትን ስፌትም በጣታችሁ ሳብ አድርጉ፤ ቀድሞ የሚተረተረው እሱ ነው።

የመንገዱን ሰላም ከመነሣታችሁ በፊትም፣ በእያንዳንዱ ጠዋትም፣ ያን መንገድ ከሚመላለሱ ሾፌሮችና ከምታርፉበት ቤት ሰዎች ጠይቁ። ጥሩ ካልሆነ ቀኑን ቀይሩት፤ ቦታ ስትይዙም ቀን መለወጥ የሚፈቅድ ሆቴል ምረጡ። በጉምና በጨለማ የጣርማ በርን መንገድ አትንዱ፤ እስከ 10 ሰዓት ደብረ ብርሃን እንድትገቡ አድርጋችሁ ሰዓታችሁን ቁረጡ።