የቤንዚን ጄኔሬተር ሲያስነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ሱቁ ጠባብ፣ ጓሮውም የጋራ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ጓዳ ወይም ደረጃ ሥር የሚገባው ለዚህ ነው።

በሩ ገርበብ ብሏል ብሎ መተማመን። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ከማርሚታው (ከጭስ መውጫው) የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሰል ቤት ውስጥ ሲጨስ ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ በደም ላይ ይጣበቃል። መስኮት መክፈትም ሆነ ቬንትሌተር ማዞር አያድንም። ማሽኑ ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ መውጫውን ከሰው አዙሮ ይቀመጥ። የጎረቤት መስኮትም መስኮት ነው። ይህን ያህል ቦታ ከሌለ ባትሪና ኢንቨርተር ይግዙ እንጂ ቤንዚን አያስነሱ።

ጭሱን በቱቦ ቀጥሎ ማስወጣት። መጋጠሚያው በንዝረት ይላላና ጋዙ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል።

የከተማዋን ከፍታ መርሳት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሯ ስስ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ግን ቤንዚኑን አይቀንስም። አየር ሲያንሰው ቃጠሎው ይጎድላል፣ መርዛማው ጋዝም ይጨምራል። ካንዴላውን (ብልጭታ የሚሰጠውን) ፈትተው ይዩት፦ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ያጽዱ፤ ካልተሻለው መካኒኩ ለከፍታ ቦታ የሚሆነውን ጠበብ ያለ የቤንዚን ማሳለፊያ ይግጠምለት። ጋዙ ግን ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ጉልበቱም በሩብ ገደማ ስለሚወርድ 2 ኪሎዋት የሚል ማሽን ላይ ከ1.5 በላይ አይጫኑ።

ቤንዚንን በሃይላንድ ማስቀመጥ፣ በጋለ ማሽን ላይ መቅዳት። አጥፍተው 15 ደቂቃ ያህል ያቀዝቅዙት። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉን ይዞ ይሄዳል፤ ጣሪያ ሥር ያለች ቀዳዳ አታስወጣውም፣ የፍሪጅ ሞተር ብልጭታ ግን ያቀጣጥለዋል። ስለዚህ በደንብ በሚከደን የነዳጅ ጀሪካን፣ ከቤት ውጭ፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ቤት ውስጥ ከሸተተዎ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ በሩን ከፍተው ይውጡ።

ራስ ምታቱን ድካም ነው ብሎ ማለፍ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ አንድ ቤት ያሉትን ሰዎች አብሮ ከያዛቸው ጋዙን ይጠርጥሩ። ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡና 907 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ። ሎሚ ማሽተትም ወተት መጠጣትም ጋዙን ከደም አያወጣም፤ የሚያስፈልገው ንጹሕ አየርና ሐኪም ቤት የሚሰጥ ኦክሲጅን ነው።