የነጭ ሽንኩርት ዘር መርጦ ማዘዝ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ነጭ ሽንኩርት እንደ ጤፍ ወይም እንደ ቀይ ሽንኩርት በፍሬ አይዘራም፤ የሚተከለው ፍልቃቂው ራሱ ነው። ስለዚህ ዝርያው፣ ዕድሜው፣ በሽታው ሁሉ ከተገዛው ራስ ጋር አብሮ ማሳ ይገባል። ማሳ ላይ ከሚያናድዱት ችግሮች አብዛኞቹ የተገዙት ከዘሩ ጋር ነው። እዚያው የሚታረሙት ጥቂት ናቸው፤ ቀሪዎቹ የሚታረሙት በሚቀጥለው ግዢ ነው።

ሦስት ሳምንት ሞላው፣ አልበቀለም

ውሃ ከመጨመርዎ በፊት አምስት ፍልቃቂ ቆፍረው ያውጡ። ለስልሶና ሸትቶ ካገኙት በስብሷል፤ የሚጠበቅ ነገር የለም። ጫፉ ወደ ታች ተተክሎ ከሆነ ቡቃያው ዞሮ ለመውጣት ሲታገል ያዩታል፤ ዘግይቶና አንገቱ ተጣሞ ይወጣል እንጂ አይቀርም። ጠንካራ፣ ነጭ፣ ሥርም ያላበቀለ ከሆነ ግን ተኝቷል።

ከተነቀለ በኋላ ነጭ ሽንኩርት የእንቅልፍ ጊዜ አለው፤ እንደ ዝርያውና እንደ ማከማቻው ሙቀት ከ2 እስከ 3 ወር ይቆያል። እኛ ዘንድ ስህተቱ በአብዛኛው የወር ቆጠራ ነው። በሰኔ የተተከለው የክረምት ሰብል በጥቅምት ይነቀላል፤ ገበያው በዚያ ይጥለቀለቃል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ በመስኖ የሚተክለውም «ርካሽ አገኘሁ» ብሎ ይገዛና በኅዳር ይተክለዋል። ዘሩ ገና እንቅልፍ ላይ ነው። ለሰኔ ተከላ በየካቲት ወይም በመጋቢት የተነቀለ የመስኖ ምርት ይግዙ። ለጥቅምትና ለኅዳር ተከላ ደግሞ የበልጉን፣ ወይም በደንብ ተከማችቶ የቆየ የመስኖ ምርት ይፈልጉ።

ሻጩ «የቆየ ነው» ቢል ቃሉን ብቻ አይመኑ፤ ቢላዋ ይዘው ይሂዱ። አንድ ፍልቃቂ ከጫፉ እስከ ቂጡ ለሁለት ይሰንጥቁ። መሃሉ ላይ ከሥሩ የተነሣ ቀጭን ቡቃያ ይታያል፤ መጀመሪያ ነጭ ነው፣ እየነቃ ሲሄድ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ይሄዳል። የቡቃያው ቁመት የፍልቃቂውን ግማሽ ካላለፈ ገና ነው። ከሦስት ሁለት እጅ ያህል ከደረሰ ለተከላ ደርሷል። ጫፉን ቀድዶ ከወጣ ዛሬ ነገ ሳይሉ የሚተከል ነው፤ ፍልቃቂው መሟሽሽ ከጀመረ ግን አይግዙት። ከአንድ ራስ ብቻ አይፍረዱ፤ ከአምስት የተለያየ ጆንያ አንዳንድ ራስ ያውጡ።

ተኝቶ የተገኘን ዘር ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቦታ ለ3 ወይም 4 ሳምንት ማቆየት ያነቃዋል። ለጥቂት ኪሎ የቤት ማቀዝቀዣ ይበቃል፤ በወረቀት ከረጢት እንጂ በፌስታል ታስሮ አይግባ።

አንድ ሌላ መንስኤ አለ፤ ከሱቅ የተገዛ የውጭ ነጭ ሽንኩርት። ትልልቅ፣ ነጭ፣ የሥሩ ቦታ በቢላዋ የተላጨ ነው። ለምግብ የመጣ ስለሆነ እንዳይበቅል በጨረር ወይም በኬሚካል ታክሞ ሊሆን ይችላል። ይህን ማቀዝቀዣም አያነቃውም።

አማረ፣ ቅጠሉ ለመለመ፣ ሲነቀል ግን ያልተከፋፈለ ድቡልቡል ሆነ

ሦስት ነገር ያመጣዋል። የመጀመሪያው የተተከለው ፍልቃቂ ማነስ ነው፤ ከ1 ግራም በታች የሆነው የመሃል ፍልቃቂ ብዙ ጊዜ አንድ ድቡልቡል ብቻ ይሰጣል። ሁለተኛው ዘግይቶ መትከል። ሦስተኛውና ውድ የሚያስከፍለው ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣ ዝርያ ነው።

ነጭ ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው ቅዝቃዜ አግኝቶ ከዚያ ቀኑ ሲረዝምለት ነው። ከሰሜን አውሮፓ፣ ከሩሲያ ወይም ከካናዳ የሚመጡት ዝርያዎች በክረምት በረዶና በረጅም የበጋ ቀን የለመዱ ናቸው። ጎንደር ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም፤ ቢሾፍቱማ ከዚያም ያጥራል። ስለዚህ ሥዕሉ ያማረውን የውጭ ዝርያ ዘመድ በሻንጣ ቢያመጣልዎ ቅጠል ያበላዎታል እንጂ ራስ አይቋጥርልዎትም። ከዚህም በላይ ያለ ፈቃድና ያለ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት የመትከያ ዘር ማስገባት ሕጉ አይፈቅድም፤ ምክንያቱን ከታች ነጭ አበስብስ ስለሚባለው የሥር በሽታ በሚናገረው ክፍል ላይ ያገኙታል።

መፍትሄው ለአገሩ የወጡትን መፈለግ ነው። ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ፀደይ 92፣ ቢሾፍቱ ነጭና ኩሪፍቱ፣ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጨለንቆ 1 ይጠቀሳሉ። ከነዚህ አንዱን ካጡ፣ ከእርስዎ ማሳ ጋር በከፍታ ከሚመሳሰል ወረዳ የመጣ ጤነኛ የአካባቢ ዘር ስሙ ካማረ የሩቅ ዘር ይሻላል። ድቡልቡሎቹን አይጣሉ፤ ደህና ከደረቁ በሚቀጥለው ወቅት ቢተከሉ የተከፋፈለ ራስ ይሰጣሉ።

አንገቱ ተከፍቶ ከጎኑ ብዙ ቡቃያ አወጣ፣ ራሱም ቅርጽ አጣ

ዘሩ ከ4 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው፤ ወይም ዩሪያው በዝቷል፤ ወይም ሁለት ቡቃያ የያዘ ጥንድ ፍልቃቂ ሳይለይ ተተክሏል። ከቀዝቃዛ መጋዘን የሚገዙ ከሆነ ስንት ዲግሪ ላይ እንደቆየ ይጠይቁ። ጥንዶቹን ሲፈለቅቁ በእጅዎ ይለዩዋቸዋል፤ በአንድ ልጣጭ ውስጥ ሁለት ሆነው ይገኛሉ።

ዘሩ ማሳው ሳያልቅ አለቀ

«ለሩብ ሄክታር ስንት ኩንታል?» ተብሎ ሻጩ ሲጠየቅ መልሱ እንደ ሻጩ ይለያያል። ራስዎ ያስሉት።

በመስመር መካከል 30 ሳንቲ፣ በተክል መካከል 10 ሳንቲ ቢተከል አንድ ተክል 0.03 ካሬ ሜትር ይይዛል። ሩብ ሄክታር 2500 ካሬ ሜትር ነው፤ ወደ 83,300 ፍልቃቂ ይፈልጋል። በ40 ሳንቲ ቦይና በ20 ሳንቲ ጥንድ መስመር ቢሆንም አማካዩ 30 ስለሆነ ቁጥሩ አይለወጥም። ፍልቃቂው በአማካይ 2 ግራም ከሆነ ወደ 167 ኪሎ ይመጣል።

ስህተቱ እዚህ ላይ ቆሞ 170 ኪሎ ማዘዝ ነው። የተሰላው የተፈለቀቀና የተመረጠ ፍልቃቂ ነው፤ የሚገዛው ግን ራስ ነው፣ ከነልጣጩ፣ ከነአንገቱ፣ ከነመሃል ቅንጥብጣቢው። ከማዘዝዎ በፊት 10 ራስ ገዝተው ይመዝኑ፣ ይፈልቅቁ፣ ከ1.5 ግራም በላይ የሆኑትን ብቻ ለይተው እንደገና ይመዝኑ። አሥሩ ራስ 300 ግራም ሆኖ የሚተከለው 210 ግራም ከወጣው፣ ከመቶ 70 እጅ ይጠቅማል ማለት ነው። 167ን ለ0.7 ሲያካፍሉ ወደ 240 ኪሎ ይሆናል። እስከ ተከላ ቀን ለሚበላሸው ጥቂት ሲጨመርበት ሁለት ኩንታል ተኩል ይዘዙ። የወርቅ ሚዛን ከሌለዎት 100 ፍልቃቂ በአንድ ላይ በኩሽና ሚዛን ይመዝኑና ለ100 ያካፍሉ።

ትልቁ ፍልቃቂ ጠንካራ ተክል ያወጣል፤ ግን ከ3 ግራም በላይ ሲሆን የዘሩ ወጪ ይከብዳል። ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ያለው ለኪስም ለማሳም የሚስማማ ነው። ትንንሾቹን ለወጥ ያውሏቸው።

ሲገዛ ኩንታል ነበር፣ ከወር በኋላ ጎደለ

እርጥብ ገዝተዋል። ገና የተነቀለ ራስ ሲደርቅ ከአምስት አንድ እጁን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። አንገቱን በሁለት ጣት ይጫኑት፤ ልስላሴ ወይም እርጥበት ከተሰማዎት አልደረቀም። የደረቀው ልጣጭ ሲታሽ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፣ አንገቱም ኩርምት ብሎ ይጠብቃል። እርጥብም ቢሆን መግዛት ነውር የለውም፤ ዋጋው ግን በዚያው ልክ ይቀነስ። ወደ ቤት ሲገባም አየር በሚያገኝ ጥላ ሥር 2 ወይም 3 ሳምንት ይሰጣ። በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ግድግዳ ሥር ከተደረደረ በየፍልቃቂው ላይ ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታ ይወጣበታል፤ በተለይ ሲነቀል በዶማ የተጎዳው።

ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ፣ ተክሉ ሲሳብ ተነቅሎ መጣ

የሁሉም ክፉ ይኸ ነው። የተነቀለውን ራስ ቂጥ በደንብ ይመልከቱት፤ ሥሩ በስብሶ እንደ ባዘቶ ያለ ነጭ ሻጋታ ከሸፈነውና በሻጋታው ላይ ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ነጭ አበስብስ የሚባለው በሽታ ነው። ጥቁሮቹ ነጠብጣቦች የፈንገሱ ዘሮች ናቸው። አፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ፤ የሚነቁት የሽንኩርት ወገን የሆነ ተክል ሥር ሲሸታቸው ነው፣ የሚመቻቸውም ቀዝቀዝ ያለ አፈር ነው፤ ደጋው ላይ የሚያይለው ለዚህ ነው።

የታመመውን ተክል በዙሪያው ካለው አፈር ጋር አውጥተው ያቃጥሉ። ፍግ ጉድጓድ ውስጥ አይጣሉት፣ ከብትም አይብላው። በማሳው ላይ ቀይም ነጭም ሽንኩርት፣ ባሮም አይተከል፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ ይዘራበት። ዶማና ጫማ ላይ የሚጣበቀው አፈር ወደ ሌላ ማሳ ስለሚያሻግረው ይታጠብ።

ለሚቀጥለው ግዢ ደግሞ ዘሩ የመጣበትን ማሳ ቆሞ ሳለ ሄደው ይዩት፤ ከጆንያ ውስጥ የሚታወቅ ነገር የለም። ጥርጣሬ ካለ ፍልቃቂውን በ46 ዲግሪ ውሃ ለ30 ደቂቃ መንከር በዘሩ ላይ ያለውን በሽታ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋም። ውሃው 50 ዲግሪ ከደረሰ ዘሩ ይቀቀላል፤ ያለ ቴርሞሜትር በእጅ ግምት አይሞከር። ከወጣ በኋላ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ተንጠፍጥፎ፣ ቶሎ ይተከል። በቅጠል ላይ ብርቱካንማ ዱቄት መሰል ነገር ካዩ ግን ያ ዋግ ነው፤ በአየር ስለሚመጣ ዘር ሻጩን አይውቀሱት።

ዘሩ ደከመ፣ በየዓመቱ ራሱ እያነሰ ሄደ

ቅጠሉ ላይ ቁልቁል የሚወርድ ቢጫ ዝንጉርጉር መስመር ካለ ቫይረስ ነው። ከፍልቃቂ ወደ ፍልቃቂ ስለሚተላለፍ በየዓመቱ እየተከማቸ ይሄዳል፤ መድኃኒት የለውም። ችግሩ የሚብሰው ገበሬው ትልልቁን ሸጦ ትንንሹን ለዘር ሲያስቀር ነው። ይገልብጡት፦ ሰብሉ ለምልሞ ሳለ ጤነኛና ወፍራም ተክሎችን በእንጨት ምልክት አድርገው፣ ለብቻ ነቅለው፣ ለዘር ያስቀምጡ።

የታዘዘው ዝርያ ተቀላቅሎ ከመጣ በልጣጩ ቀለም፣ በፍልቃቂው ብዛትና በሚደርስበት ጊዜ ይለያያል፤ ግማሹ ሲደርቅ ግማሹ አረንጓዴ ይሆናል። ከምርምር ማዕከል የሚወጣው መነሻ ዘር ጥቂት ስለሆነ በብዛት የሚገኘው ከዘር አባዥ ማኅበራት ነው። የዘር ማረጋገጫ ወረቀት ይጠይቁ፤ «ፀደይ ነው» የሚለው ደላላ ብቻ ከሆነ የሚከፍሉት የአካባቢ ዘር ዋጋ ይሁን።

ውጭ አገር ለሚያዙ

በአሜሪካ በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ አካባቢ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚያዋጣው አንገተ ጠንካራው (ሃርድኔክ፣ መሃሉ ላይ ጠንካራ የአበባ ዘንግ የሚያወጣው) ነው፤ በኦክቶበር ተተክሎ ክረምቱን አፈር ውስጥ አሳልፎ እስከ ጁላይ ይነቀላል። ትእዛዙ በበጋ ነው የሚያልቀው፤ በሴፕቴምበር የሚያዝ የተረፈውን ይወስዳል። በእስራኤል የሚስማማው አንገተ ለስላሳው (ሶፍትኔክ፣ ጠንካራ ዘንግ የሌለው) ነው። በፓውንድ ሲያዙ ስንት ፍልቃቂ እንዳለው ይጠይቁ፦ ፖርሴሊን የሚባለው ዓይነት በራስ ከ4 እስከ 6 ብቻ ይይዛል፣ ሲልቨርስኪን ግን ከደርዘን ይበልጣል። «የዝሆን ነጭ ሽንኩርት» የሚባለው ግዙፉ ለባሮ የቀረበ ዘመድ ነው፤ ወጥ ውስጥ ሲገባ «ሽታው የት ሄደ?» ያሰኛል።

ትእዛዙ ሲጻፍ

በስልክ ብቻ ከመስማማት ይህን የመሰለ መልእክት ይላኩ፦ «ወንድሜ፣ 2 ኩንታል ተኩል ፀደይ 92፣ በየካቲት የተነቀለ፣ አንገቱ የደረቀ፣ ሥሩ በመቀስ የተቆረጠ፣ በመረብ ከረጢት። ሲደርስ ከአምስት ከረጢት አንዳንድ ራስ ሰንጥቄ አይቼ ነው ቀሪውን የምከፍለው።» እውነተኛ ሻጭ በዚህ አይቀየምም።

ሲደርስ ከረጢቱን በዚያው ቀን ይፍቱ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ይበትኑ። ራሱ እንዳለ ይቆይ፤ የተፈለቀቀው ቶሎ ስለሚደርቅና ስለሚሻግት የሚፈለቀቀው ለተከላ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀር ነው። ሲፈለቀቅም ልጣጩ አይገፈፍ። በቂጡ ቁጭ ተደርጎ፣ ጫፉ ወደ ሰማይ፣ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ አፈር ለብሶ ይተከላል።